በደጅ የተኛው የቤት ልጅ

በመካኒሳ ደብር የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ስለ ሕማምና ስለ ሃይማኖት ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓልዋን በምታከብርበት ቀን መሬቱን የሰጡትን፥ ድንጋዩን የተሸከሙትን፥ ጕልላቱን ያሠሩትን፥ በመቅደስዋም ያገለገሉትን ሰዎች ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ስማቸው በመዝገብ ያልተጻፈ፥ ሥዕላቸውም በግድግዳ ያልተሰቀለ፥ ከቅዳሴ አስቀድመው መጥተው ከቅጽሩ በር ሥር የሚቀመጡ፥ ሕዝቡ ከተሰናበተም በኋላ የሚሄዱ ሰዎች ሁልጊዜ አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕሙማን ናቸው። ደግሞ ከደጅ እንኳ መድረስ የማይችሉ፥ በየቤታቸው አልጋ ይዘው የቅዳሴውን ዜማ በድምፅ ማጉያ ሲመጣ ብቻ የሚሰሙ ሌሎች አሉ። ዛሬ የሚነገረው ቃል ስለ እነዚህ ነው፤ ለእነዚህም ነው።

ስለ ሕማም ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ሕሙማን ከገብረ ክርስቶስ ታሪክ የቀረበ ታሪክ የለም። ይህ ቅዱስ መታሰቢያው ጥቅምት 14 ቀን ነው፤ ታሪኩም በስንክሳር ይነበባል። የቊስጥንጥንያ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ነበረ። አባቱ በዳረው ሌሊት የጫጕላውን ቤት ትቶ በስውር ወጣ፤ በሩቅ አገርም በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከድኆች ጋራ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። ሰው እንዳያውቀውና እንዳያከብረው መልኩ እንዲለወጥ እግዚአብሔርን ለመነ፤ ሰውነቱም በቁስል ተመታ። በመጨረሻ ወደ አባቱ አገር ተመልሶ በአባቱ ቤት ደጅ ወደቀ። አባቱ ልጁ እንደ ሆነ ሳያውቅ ስለ እግዚአብሔር ብሎ አስጠጋው። የቤቱ አገልጋዮች ግን ተጸየፉት፤ የዕቃ እጣቢ ይደፉበት ነበረ። ውሾቹ ሳይቀሩ ከሰዎቹ ይልቅ ራሩለትና ቁስሉን ይልሱለት ነበረ።

በዚህ ታሪክ ብዙ ሰባክያን ንግሥናን መናቁን ያመሰግናሉ። እርሱም እውነት ነው። ነገር ግን ለታመመ ሰው የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም ገብረ ክርስቶስ በደጁ ተኝቶ፥ ቁስሉ እየሸተተ፥ እጣቢ እየተደፋበት ሳለ ከንጉሥ ልጅነቱ አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልጐደለም። ሕማሙ የወሰደው ልጅነቱን አይደለም፤ የወሰደው እርሱን ለይቶ የሚያውቀውን የሌላውን ሰው ዐይን ነው። በሥጋ ደዌ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ቅዱስ እንደ ወገናቸው መቍጠራቸው በከንቱ አይደለም። መጽሐፍ ባያነቡ እንኳ ነገሩን ያውቁታል፤ በእነርሱ ላይ የደረሰው ይህ ነውና።

ከመካኒሳ በስተ ምዕራብ፥ ብዙ ሳይርቁ፥ ዘነበ ወርቅ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበ ወርቅ ነው። ልዕልቲቱ በ1909 ዓ.ም. ተወልዳ በ1925 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ አረፈች። በ1926 ዓ.ም. ገደማ በዶክቶር ላምቢ መሪነት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋመው ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። ልጁን የቀበረ አባት የልጁን ስም ሰው ሁሉ ለሚሸሸው ቤት መስጠቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለመላው አፍሪካ ሐኪሞች ስለዚህ በሽታ የሚያስተምረውና ሕሙማንን የሚያቋቁመው አለርት ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም ታላቅ ሆስፒታል ሆኖ ልዩ ልዩ በሽተኞችን ያክማል።

ሆስፒታሉ ሲቋቋም ስፍራው ከከተማው ውጭ ነበረ። የተመረጠውም ስለዚሁ ነው፤ ሕሙማኑ ከጤነኛው ርቀው እንዲኖሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ፥ አንዳንዱ በበቅሎ፥ አንዳንዱ በቆሰለ እግሩ እየተጓዘ፥ ብዙ ሰው መጣ። ከታከሙም በኋላ ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ሊመለሱ አልቻሉም፤ ዘመድ አይቀበላቸውም፤ ርስታቸውን ሌላ ይዞታል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፥ ተጋብተው፥ ወልደው ቀሩ። ከተማውም ቆሻሻውን የሚጥልበት ቆሼ የተባለው ስፍራ ከዚያው ሰፈር ብዙ አይርቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በሌሊት በየቤታቸው ሞቱ። አዲስ አበባ ሰው ሊያየው ያልፈለገውን ሁሉ ወደዚህ አቅጣጫ ትልከው ነበረ ማለት ይቻላል። አሁን ግን ከተማው ራሱ አድጎ ከበበው፤ ከመካኒሳ ተነሥቶ በቀለበቱ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ጊዜ ሩቅ የነበረውን ስፍራ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል።

ስለ በሽታው ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙው መከራ ካለማወቅ የመጣ ነውና። ሥጋ ደዌ በዘር የሚወረስ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በ1873 እ.ኤ.አ. አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። ይህ ረቂቅ ነገር ከሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ሊቈይ ይችላል፤ ከሰውም አብዛኛው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘዛቸው መድኃኒቶች ተቀናጅተው በ6 ወይም በ12 ወር ሰውየውን ፈጽሞ ያድኑታል፤ መድኃኒቱንም ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሕመምተኛው ጣት በበሽታው ተበልቶ የሚረግፍ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በሽታው የሚያጠቃው በቈዳ ሥር የሚሄደውን፥ ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው። ነርቩ ሲሞት እጅ አይሰማም። ሴቲቱ የጋለ ድስት ከምድጃ በባዶ እጅዋ ታወርዳለች፤ መቃጠልዋን የምታውቀው ሽታው ሲሸት ነው። ገበሬው በጫማው ውስጥ ስለታም ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል፤ ማታ ደሙን ያያል። ቁስሉ ስለማያም አይጠበቅም፤ ስላልተጠበቀ ይመረቅዛል፤ ጣቱም የሚያልቀው በዚህ ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ እንዲወገድለት የሚለምነው ሥቃይ የሥጋ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ዘበኛ በጠፋበት ሰውነት ላይ ትንሹ ነገር ሁሉ ጥፋት ያመጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ሥቃይ ሁሉ መልካም ነው የሚል ቢኖር ያ ሰው በጽኑ ታሞ አያውቅም። በካንሰር ሌሊቱን ሙሉ የምትጮኽ እናት ሥቃይዋ ምን እንደሚጠብቅላት ማንም ሊነግራት አይችልም፤ ሊነግራትም አይገባም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምእመናንን በአንድ አካል ብልቶች መስሏቸዋል፤ የአንዱም ብልት ሕማም የሁሉ ሕማም መሆኑን አስተምሯል። ታዲያ አንዱ ብልት ታሞ ሌላው ካልተሰማው በበሽታ የተያዘው የትኛው ነው? በደጅ የተቀመጠው የጣቶቹን ስሜት አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በአጠገቡ ሲያልፍ ምንም የማይሰማው ምእመን ግን ያጣው ከዚያ የሚበልጠውን ነው።

የአገራችን ቋንቋ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ሆኖ ይታያል። በአንድ በኩል «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚል ተረት አለ። ሰዎች ዛሬም ሳያስቡ ይተርቱታል፤ በሸንጎም፥ በሠርግም ይሰማል። ትርጕሙ ግልጥ ነው፤ ሰውየውን በስድብ ስሙ ካላስታወሱት ከመሶቡ ይቀርባል ማለት ነው። እንጀራ በአንድነት በሚቈረስበት አገር ከመሶብ መከልከል ከሰውነት መከልከል ነውና ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ቋንቋ ለማኙን የኔ ቢጤ ይለዋል። ይህን ስም መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከብዙ መምህር ይልቅ ግን ነገሩ ገብቶት ነበረ። የሚለምነው ከሚሰጠው ጋራ እኩያ ነው፤ ዛሬ የቆመው ነገ ሊቀመጥ፥ የተቀመጠው ሊቆም ይችላል። አንዱ ሕዝብ ተረቱንም ስሙንም ተናገረ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የየሰዉ ፋንታ ነው።

እንደዚሁም ጠያቂ ወደ በሽተኛ ቤት ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል። ማረ የሚለው ቃል ይቅር አለም፥ ፈወሰም ስለሚሆን፥ አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ሕማም ሁሉ የኃጢአት ዕዳ ነው ሲል ይሰማል። ነገር ግን ይህን ቃል የሚናገረው ጠያቂ ራሱ ጠዋት በቅዳሴ ምሕረት ሲለምን ያረፈደ ሰው ነው፤ የለመነውንም ለታመመው ወንድሙ ያካፍለዋል እንጂ አይፈርድበትም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በማን ኃጢአት እንደ ሆነ በጠየቁት ጊዜ ኃጢአቱን ለእርሱም ለወላጆቹም አልሰጠም። የኢዮብ ወዳጆችም 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋራ በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ግን በደሉ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በጮኸውና በተከራከረው በኢዮብ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በወዳጆቹ ላይ ነው። ስለዚህ በአልጋ ላይ ሆኖ ለምን እያለ ወደ ፈጣሪው የሚጮኽ በሽተኛ ሃይማኖቱ የጠፋ አይምሰለው።

ደግሞ አንድ የተሳሳተ ነገር ከመጻሕፍት ንባብ የመጣ አለ። በብሉይ ኪዳን ለምጽ ተብሎ የተጻፈው፥ ካህን ለይቶ ከሰፈር ውጭ የሚያስቀምጠው ሕማም፥ ዛሬ ሐኪሞች ሥጋ ደዌ ከሚሉት ጋራ አንድ አይደለም፤ በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ እንኳ የሚወጣ ለምጽ በዚያ ተጽፏል። ነገር ግን ንጉሥ ዖዝያን በመቅደስ በመታበዩ በለምጽ መመታቱን ያነበበ ሰው በዘነበ ወርቅ የተቀመጠውን ሁሉ እንደ ዖዝያን ቈጠረው። በአንድ ቃል አተረጓጐም ምክንያት ስንት ሰው ከቤቱ ወጣ!

በዐቢይ ጾም በ4ኛው እሑድ መጻጉዕ ይታሰባል። ይህ ሰው 38 ዓመት ከመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ነበረ። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ የመለሰው መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ ስለ ሕማሙ ምንም አልተናገረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ብቻ ነገረው። 38 ዓመት ሙሉ ከፊቱ ስንት እግር አለፈ? ዛሬም በመካኒሳ በየግቢው፥ በየኪራይ ቤቱ፥ በአዲሶቹም ፎቆች ላይ እንዲህ ያለ በሽተኛ አለ። አልጋው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም በራስጌው ተደርድሯል፤ የሚጐድለው ሰው ነው። ዕድሩ ለቀብር ድንኳን ለመትከል እጅግ ፈጣን ነው፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለሞተው 3 ቀን የሚቀመጥ ጎረቤት 3 ዓመት ለታመመው አንዲት ሰዓት ሳያገኝ ቀርቶ እንደ ሆነ ልብ ይበለው፤ ጌታ በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀው ታምሞ ስለ መጠየቁ ነውና።

ለታመመውስ ምን ይነገረዋል? ጸልዮ ያልዳነው ሰው ብዙ ነው። ጳውሎስ በሥጋው ስለ ነበረበት መውጊያ 3 ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም፤ በድካሙ የሚበቃ ጸጋ እንዳለ ግን ተነገረው። እንግዲህ ያልዳነ ሁሉ እምነቱ አንሶ ነው የሚል መምህር ጳውሎስን እምነት የጐደለው ሊያደርገው ነው። ሃይማኖት የመዳን ዋጋ ሆኖ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ጤና ባይመጣም ሰውየው ማን እንደ ሆነ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያስታውሰው ነገር ነው። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ፥ ሰዓቱ አልሄድ ብሎ፥ ሕማሙ ብቻ ነቅቶ በሚጠብቅበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። የታመመ ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከሕማሙ ይልቅ ያዋርደዋል። በአገራችን ሌሊት ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው እየዘመሩ ምጽዋት የሚለምኑ፥ ላሊበሎች ወይም አሚና የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ይህን ሥራ ከተዉ ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። እምነታቸው በሐኪም ዘንድ ትክክል አይደለም። ሥራቸውን የተመለከተ ግን አንድ ነገር ያያል፤ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ቤቱን ይመርቃሉ፤ የባለቤቱን ስም ያነሣሉ፤ በምጽዋቱ ፈንታ ምርቃት ሰጥተው ይሄዳሉ። በቅጽሩ ሥር የተቀመጠውም እንዲሁ ነው፤ ሳንቲም ተቀብሎ ጸሎት ይሰጣል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ሚዛኑ ያለው በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። አልጋ የያዘች አሮጊት ለልጆችዋ፥ ለደብርዋ፥ ለማታውቀው በሽተኛ ብትጸልይ ከሠራተኞቹ መካከል ናት። በዘነበ ወርቅ ጣቶቻቸው የታጠፉ እናቶች ጥጥ ሲፈትሉ፥ ጥልፍ ሲጠልፉ ኖረዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻም ሕሙማኑ ራሳቸው አገር አቀፍ ማኅበር አቋቁመው ስለ መብታቸው በየመሥሪያ ቤቱ ቆመው ተናገሩ። ሌላ ሰው እንዲናገርላቸው አልጠበቁም።

ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል ይጨመር። ጸበል ገብቼአለሁ ብሎ ኪኒኑን የሚጥል ሰው ዛሬም አልጠፋም፤ እንዲጥልም የሚመክረው አልታጣም። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በተሰበሰቡበት ወራት ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፥ መድኃኒቱንም መውሰድ ኃጢአት አለመሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ የሚከራከር ካህን ካለ ከማን ጋራ እንደሚከራከር ይወቅ። ቅዳሴው ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከከተማው አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት ሠርቶ ሐኪሞችንም አኖረበት። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን በቁስል የተመቱትን በገዛ ከንፈሩ ይስማቸው እንደ ነበረ ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሯል። ከመሠዊያው ተነሥቶ ወደ ሕሙማኑ፥ ከሕሙማኑ ተነሥቶ ወደ መሠዊያው መሄድ ለባስልዮስ አንድ መንገድ ነበረ።

የሥጋ ደዌ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የጠፋውን ጣት ግን አይመልስም፤ በመሶቡ ዙሪያ የነበረውንም ስፍራ አይመልስም። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ አስቀድመው ሳይታከሙ የሚዘገዩት ከበሽታው ይልቅ ስሙን ስለሚፈሩ ነው። በቈዳው ላይ የማይሰማው ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው ከዘመዱ እየሸሸገ ዓመት ያሳልፋል፤ ያ ዓመት ጣቱን ይወስድበታል። ስሙን የሚያስፈራ ያደረገው ደግሞ ባክቴሪያው አይደለም።

ገብረ ክርስቶስ የሚሞትበት ቀን በደረሰ ጊዜ የሕይወቱን ነገር ሁሉ በጽሕፈት ጽፎ በእጁ ያዘው። ካረፈ በኋላ ሰዎች መጥተው ጽሕፈቱን አገኙ። በተነበበም ጊዜ ንጉሡ በደጁ የተኛው ያ ድኃ ሲፈልገው የኖረው ልጁ እንደ ነበረ ዐወቀ። በቤቱ ውስጥ ለዚህ ልጅ የተነጠፈ አልጋ፥ የተቀመጠ ልብስ፥ የምትጠብቀው ሙሽራ ነበረች፤ ከአልጋው እስከ ደጁም ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነበረ። ንጉሡም በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፍ ኖሮ ባላወቀው በልጁ ሬሳ ላይ ወድቆ አለቀሰ።